ዕቃው ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት፦ ቡናማዋን ሸረሪትና የእንቁላል ከረጢቷን ፈልጎ ማስወገጃ መመሪያ

ስለ እምቦጭ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው አረም ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተወሰነ ቦታ የያዘ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲመጣ፣ ወጣቱ ለዘመቻ ሲሰለፍ አይተናል። መጤ ዝርያ ገና ሲገባ ካልተያዘ በኋላ የሚከፈለውን ዋጋ የጣና ዳር ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ይህ መመሪያ ግን ስለ ሸረሪት ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ላትሮዴክተስ ጂኦሜትሪከስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብራውን ዊዶው ይሏታል። እዚህ ቡናማዋ ሸረሪት እያልኩ እቀጥላለሁ። በ1841 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበችው ከደቡብ አሜሪካ በተገኘ ናሙና ቢሆንም ብዙ ተመራማሪዎች መነሻዋ አፍሪካ ነው ይላሉ። በ1935 ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ካሊፎርኒያ ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ በየጓሮው ወንበርና የአበባ ማሰሮ ሥር የምትገኝ ሆነች። ዛሬ በእስያም በአውስትራሊያም አለች። በ2023 የወጣ የፍሎሪዳ ጥናት ደግሞ ከሌሎች ሸረሪቶች ጎን ብትኖርም የአገሬውን ጥቁር ዘመዷን (ብላክ ዊዶው የሚሏትን) ለይታ እንደምታጠቃና እንደምትበላ አሳይቷል።

«ከአፍሪካ ከሆነች ለእኛ ምኗ መጤ ነው?» የሚል ይኖራል። አፍሪካ አንድ ቀበሌ አይደለችም። ይህች ሸረሪት ከጫካ ይልቅ ሰው የሠራውን ነገር ትወዳለች፤ ብሎኬት፣ ጎማ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የመኪና ሥር። ስለዚህ የምትዛመተው ከመጋዘን ወደ መጋዘን፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ነው። ደቅ ደሴት፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የዘጌ የቡና ጫካ ለእንደዚህ ዓይነት ፍጥረት አዲስ አገር ናቸው። በጣና ዙሪያ የተረፈው አገር በቀል ደን በአብዛኛው ያለው በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ዩኔስኮ አካባቢውን በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ከጠበቃቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። በዚያ ደን ውስጥ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ሸረሪቶች አሉ። ከከተማ በተጫነ ወንበር ሥር ሌላ ተፎካካሪ ልንልክባቸው አይገባም።

ሸረሪት በነፋስም ትጓዛለች። ገና የተፈለፈሉት ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥተው ቀጭን ድር ይለቁና ነፋሱ ይዟቸው ይሄዳል። ዳርዊን በ1832 ቢግል በተባለችው መርከብ ሲጓዝ ከየብስ 60 ማይል ያህል ርቀው ሳሉ የመርከቧ ገመድ በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሸረሪቶች ተሞልቶ አይቷል። ሆኖም በእኛ ዘመን አገር እያቋረጡ የተዛመቱትን ብትመለከቱ አብዛኞቹን ያሻገራቸው ጭነት ነው። ሬድባክ የምትባለው የአውስትራሊያ ሸረሪት በ1995 ጃፓን ኦሳካ ላይ ተገኘች። ከማዴይራና ከካናሪ ደሴቶች የመጣችው ሌላ ሸረሪት በ1879 እንግሊዝ ውስጥ ታየች፤ ዛሬ እዚያ የቤት ውስጥ ሸረሪት ሆናለች። ነፋስን መከልከል አንችልም። ጭነትን ግን ማየት እንችላለን፤ ባሕር ዳር ደግሞ የጭነት መገናኛ ናት። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በወልዲያ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ፣ ከመተማ በጎንደር አድርጎ የሚመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ተነሥቶ ደግሞ በጀልባ ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ መሣሪያችሁን አዘጋጁ

የእጅ ባትሪ፣ ግንበኞች የሚያደርጉት ወፍራም ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል፤ በነጠላ ጫማ አትሥሩ። አጠር ያለ ደረቅ ዱላ፣ ወፍራም ፌስታል፣ ክዳን ያለው ውስጡ የሚታይ ዕቃ፣ ኦሞ የተበጠበጠበት ባልዲ ውሃና ፎቶ ማንሻ ስልክ ጨምሩ። መርጫ አላካተትኩም፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ምረጡ

የእንቁላል ከረጢት በቀን ብርሃን ፈልጉ። ሸረሪቷን ለማየት ግን የሚሻለው ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተጠቅልላ ትውላለች፤ ማታ ወደ ድሯ መሀል ወጥታ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ትንጠለጠላለች፤ ባትሪ ስታበሩባት መለያዋ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የምትፈትሹ ከሆነ ክረምቱ ወጥቶ ጓሮ በሚጸዳበት በመስከረም፣ ወይም የሠርግና የጥምቀት ዕቃ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ይሁን።

ደረጃ 3፦ የት እንደምትፈልጉ እወቁ

ፍለጋው ከመሬት እስከ ወገብ ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። ጣራ ሥር ዓይን የሚስበው ድር አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሸረሪት ነው። ቡናማዋ ሸረሪት የምትፈልገው ከላይ የተሸፈነ፣ ብዙ የማይነካ፣ ከውጭ ግን ትንኝና ጉንዳን የሚገባበት ጠባብ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ከመግባት ይልቅ በረንዳና ግቢ ትመርጣለች።

ከፕላስቲክ ወንበር ጀምሩ። ወንበሩን በቁሙ አትመልከቱት፤ ገልብጡት። የመቀመጫው ጠርዝ ወደ ታች የታጠፈበት ቦታ ላይ፣ እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ጎድጓዳ ውስጥ ባትሪ አብሩ። ስንቀመጥ ጣታችንን የምናስገባው፣ ወንበር ስናነሣም የምንይዘው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው፤ የሚነከሱትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ሳያዩ እጃቸውን የሰደዱ ናቸው። ወንበር ተደራርቦ የተቀመጠ ከሆነ አንዱን ካንዱ እያወጣችሁ እዩ። በሁለት ወንበር መካከል ያለው ጨለማ ምቹ ቦታዋ ነው።

ይህን ካልኩ ስለ እድር መጋዘን መናገር አለብኝ፤ በእኔ አመለካከት በከተማችን ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ቦታ እሱ ነው። የእድር ዕቃ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ለሳምንታት ማንም ሳይነካው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ወንበሩ፣ አግዳሚው፣ የድንኳኑ ሸራና ብረት፣ ትልልቁ ብረት ድስት። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ድንገት ተጠርቶ ወደ ሐዘን ቤት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ቤት፣ አንዳንዴም ወደ ገጠር። ለሸረሪት ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ የለም። ሐዘን ላይ ቆሞ ወንበር የሚገለብጥ ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ዕቃው ባልተፈለገበት ቀን ነው። ዕቃ ያዡን «ጋሼ፣ የእድሩን ዕቃ እሑድ ጠዋት አብረን እናውጣና ፀሐይ ይምታው፤ ሥሩንም እንየው» ብላችሁ ብትጠይቁ እምቢ የሚል አይመስለኝም። ሸራውን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ እጥፋቱንና ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። የድንኳኑ ብረት ባዶ ቱቦ ከሆነ ጫፉን መሬት ላይ መታ መታ አድርጉና ውስጡን በባትሪ ተመልከቱ፤ ከዚያ የቱቦውን አፍ በጨርቅ ወይም በፌስታል እሰሩት።

ከዚህ ቀጥሎ ብሎኬት ነው። ባሕር ዳር ላይ በየሰፈሩ ቤት እየተሠራ ነው፤ የተከመረ ብሎኬት ለወራት ይቀመጣል። ቀዳዳው ወደ ጎን የዞረውን ብሎኬት በቀጥታ በባትሪ እዩት። ከክምሩ ላይ ስታነሡ ጣታችሁን ወደ ቀዳዳው አታስገቡ፤ ከውጭ በሁለት እጅ ያዙ።

ጎሚስታ ቤት የተከመረ አሮጌ ጎማ፣ የጀሪካን እጀታ ሥር፣ የተደፋ ባልዲ፣ የችግኝ ማሰሮና ፕላስቲክ፣ የውሃ ቆጣሪ ሳጥን፣ የአጥር ቆርቆሮ ከእንጨቱ የሚገናኝበት፣ የውጭ መጸዳጃ ቤት በር ጀርባ ቀጣዮቹ ናቸው። የጭነት መኪና ላይ ፓራፋንጎውን፣ የስኮርታ ጎማውን መሀልና የስፖንዳውን ማጠፊያ እዩ። ቆሞ የከረመ መኪና በተለይ ይታይ።

ጀልባ ላይ የመቀመጫው ሥርና የተከመረው ላይፍ ጃኬት ይፈተሽ። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ እየዋለ ስለሚረጥብ አያሰጋም፤ ሆኖም አርጅቶ ዳር ላይ ተደግፎ የቀረ ካለ ሥሩ ይታይ።

ደረጃ 4፦ ከመግደላችሁ በፊት ለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች ረጋ ብላችሁ እንድትሠሩት የምለምነው ይህን ነው። በየቤታችን ያለው ሸረሪት አብዛኛው የሚጠቅመን ነው፤ «ወራሪ ሸረሪት» የሚል ወሬ ሰምቶ መጥረጊያ ይዞ ሁሉንም መፍጀት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። የአገሬው ሸረሪት ያለቀበት ጓሮ ለመጤዋ የተለቀቀ ባዶ ቤት ነው።

ለመለየት ሦስት ነገር እዩ፤ መጀመሪያ ከረጢቱን፣ ቀጥሎ ድሩን፣ በመጨረሻ ሸረሪቷን። ቅደም ተከተሉን የመረጥኩት አውቄ ነው። ሸረሪቷ ትደበቃለች፣ ቀለሟም ይለዋወጣል፤ ከረጢቱ ግን ባለበት ይቆያል፣ አያሳስትምም።

የእንቁላል ከረጢቱ ክብ ነው፣ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ቢጫ። ዙሪያውን በሙሉ ከድር የተሠሩ ትንንሽ ሹል ነገሮች ወጥተውበታል፤ ልብስ ላይ የተጣበቀ ጭጎጎት ይመስላል። የአብዛኞቹ ዘመዶቿ ከረጢት ለስላሳ ነው፤ ሹል ነገር ያለበት ከረጢት ካገኛችሁ በጣም ጠንካራ ምልክት ነው። አንድ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመቶ በላይ እንቁላል አለ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ እስከ 20 የሚደርስ ከረጢት ልትሠራ ትችላለች። ሸረሪቷን ገድሎ ከረጢቱን መተው ምንም እንዳልሠሩ የሚያስቆጥረው ለዚህ ነው።

ድሩ ቅርጽ የለውም። ክብ፣ የተስተካከለ፣ ጠዋት ጤዛ ሲይዝ የሚያምረው ድር የሷ አይደለም። የሷ የተዘበራረቀ ሆኖ ክሩ ግን ጠንካራ ነው፤ በዱላ ስትስቡት ወዲያው አይበጠስም፣ ሲቀደድም ጠጠጥ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከሥሩ የጉንዳንና የጥንዚዛ ቅርፊት ተንጠባጥቦ ይገኛል።

ሸረሪቷን ካገኛችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙና ከታች እዩ። የሴቷ አካል ያለ እግሯ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጀርባዋ ከነጣ ቡናማ እስከ ጠቆር ያለ ይለያያል፤ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብና ሰያፍ መስመር አለበት። እግሮቿ በየመገጣጠሚያቸው ጠቆር ያለ ቀለበት አላቸው። ዋናው መለያ ሆዷ ሥር ነው፤ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ የሚመስል ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቢጫ ምልክት። ወንዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ አትቸገሩበት።

የማይነኩትን ደግሞ እወቁ። በዛፍና በመብራት ሽቦ መካከል ትልቅ ክብ ድር ዘርግተው መሀሉ ላይ የሚቀመጡት ከሐይቁ ዳር የሚነሣውን ትንኝና ዝንብ ይይዙልናል። የቤት ማዕዘን ላይ በጣም ቀጭን ረጃጅም እግር ይዘው የሚንቀጠቀጡት ለሰው አያሰጉም። ግድግዳ ላይ እየዘለሉ የሚያድኑት ትንንሾቹም እንዲሁ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ከእነዚህ ዘላዮች አንዱ ደም የጠጣች የወባ ትንኝን መርጦ እንደሚያድን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እነዚህን ተዉአቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። አንገት ወይም ፊት ላይ ሌሊቱን ውሃ የቋጠረ የሚያቃጥል ቁስል ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታብኝ» እንላለን። ሸረሪት በሽንቷ ቆዳ አታቆስልም። እንዲህ በመስመር የሚወጣ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዝናብ በኋላ ማታ መብራት ተከትላ ከምትገባ ቀጭን፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም ካላት ጥንዚዛ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ናይሮቢ ፍላይ ይሏታል። ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ውስጧ ያለው መርዝ ያቃጥላል። ካረፈችባችሁ እፍ ብላችሁ አባሯት እንጂ አትምቷት፤ ከተጨፈለቀች ቦታውን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡ። ቁስሉ በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ ከኃይለኛ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ደረጃ 5፦ አስወግዱ

መጀመሪያ ፎቶ አንሡ፤ አንዱን ከነቦታው፣ አንዱን ከቅርብ።

ከዚያ ከረጢቱን አንሡ። የፌስታሉን አፍ ከከረጢቱ ሥር ያዙና በዱላው ገፍታችሁ ጣሉት፤ ድሩንም በዱላው ጠቅልላችሁ አብራችሁ ክተቱ። የፌስታሉን አፍ አጥብቃችሁ እሰሩና ከውጭ በጫማ ወይም በድንጋይ ጨፍልቁት። ጨፍልቁት ስል በደንብ ነው፤ እንዲሁ ታስሮ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለ ከረጢት ፌስታሉ ሲቀደድ ይፈለፈላል። ትንንሽ ሸረሪቶች ወጥተው ከሆነ ፌስታሉን ሳትፈቱ ሙሉውን ኦሞ የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ከታችሁ ውሃው ውስጥ ቅደዱት።

ሸረሪቷ ስትነካ የመሸሽ ጠባይ አላት፤ እግሯን ሰብስባ እንደሞተች ሆና ትወድቃለች። ስለዚህ ባልዲውን ከሥሯ አድርጋችሁ ድሩን በዱላ ብትመቱት ራሷ ትገባለች። የሳሙናው ውሃ ያሰምጣታል።

ስለ መርጫ። ፍሊት የምትመታው የሚታየውን ሸረሪት ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እንቁላል ድሩ ይከላከልለታል። ከዚያ የከፋው ለእርሻ የተገዛ ማላታይን ግቢ ውስጥ መርጨት ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ዶሮ ይለቅምበታል፤ ጠቃሚዎቹን ሸረሪቶችና ንቦችን ይፈጃል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቦዩን ተከትሎ ጣና ይገባል። አምባዛና ቀረሶ የምንበላው ከዚያው ሐይቅ ነው። በዱላና በባልዲ የሚያልቅ ሥራ ላይ መርዝ አትጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ተመልሳችሁ እዩ

እንቁላሉ በሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። መጀመሪያ ያላያችሁት ከረጢት ሊኖር ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት አንዴ፣ በአራተኛው ሳምንት አንዴ ያንኑ ቦታ ድገሙት። ሁለቱንም ጊዜ ምንም ካልታየ ዕቃው ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ መካከል ያንን ዕቃ ለማንም አታውሱ፤ የእድር ከሆነ ለዕቃ ያዡ ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ሲጫንና ሲራገፍ

ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲሆን ፍተሻው የሚደረገው ከመኪናው ወርዶ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ነው። አንዴ ከሌላው ዕቃ ጋር ከተቀላቀለ ከየት እንደመጣች ማወቅ አይቻልም። በተለይ ያገለገለ ዕቃ ላይ አትኩሩ፤ አሮጌ ጎማ፣ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ፣ የተጠራቀመ ቆርቆሮ፣ ባዶ በርሜል። አዲስ በካርቶን የታሸገ ነገር ያን ያህል አያሳስብም፤ ካርቶኑ የቆመበት የእንጨት ርብራብ ግን ሥሩ ይታይ።

ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ በሚሄድ ዕቃ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥብቅ ሁኑ። ለንግሥ የሚሄድ ወንበርና ድንኳን፣ ለግንባታ የሚሄድ ብሎኬትና ቆርቆሮ፣ ለተከላ የሚሄድ ችግኝ፤ እነዚህ ሦስቱ ዋናዎቹ ናቸው። ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ እየተጣደፈ፣ ጀልባው ሊነሣ ሞተር እየተነሣ ስለሚሆን እዚያ ቆሞ መፈተሽ አይቻልም። ከዋዜማው ግቢ ውስጥ ጨርሱት። ወንበሩን ገልብጣችሁ በሳሙና ውሃና በጠንካራ ቡሩሽ ሥሩን ፈትጉት፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ ሳይከርም በማግስቱ ጫኑት። ብሎኬት ከሆነ ሲጫን አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይቁምና ቀዳዳውን እያየ ያሳልፍ። ችግኝ ከሆነ ፕላስቲኩን ከሥሩ አንሥታችሁ ዙሪያውን እዩ።

ጀልባ ላይ ከተሳፈራችሁ በኋላ ብታገኟት ወደ ሐይቁ አትጣሏት። ደረቅ ነገር ላይ ወጥታ ዳር ልትደርስ ትችላለች፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያዟት።

ከነከሰች

መርዟ የጥቁሯ ዘመዷ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ስትነክስ የምታስገባው ትንሽ ነው። በአብዛኛው የሚሰማው በቦታው ላይ ሕመምና መቅላት ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቃል። ቦታውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉበት፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። በምላጭ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ ከላይ በገመድ አትሰሩ፤ ላምባም ነጭ ሽንኩርትም አትቀቡበት።

የሆድ ወይም የጀርባ ጡንቻ መጨምደድ፣ ብርቱ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ሕመሙ ከቦታው አልፎ መስፋፋት ከታየ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ወይም ፈለገ ሕይወት አልያም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ከሆኑ ምልክቱ እስኪብስ አትጠብቁ። የተያዘችውን ሸረሪት በዕቃው እንዳለች፣ ካልተያዘች ፎቶዋን ለሐኪሙ አሳዩት።

ደረጃ 8፦ ግቢያችሁን አታመቻቹላት

ይህ አጭር ነው። የማያስፈልግ ጎማና ቆርቆሮ አስወግዱ። ጀሪካንና ባልዲ በየጊዜው ከቦታው ይነሣ፤ የሚነቃነቅ ዕቃ ላይ ድር መሥራት አትወድም። የውጭ መብራት ነፍሳት ስለሚሰበስብ ሌሊቱን ሙሉ አይብራ። ልጆች ወንበር ሲያነሡ ከላይ ከመደገፊያው እንዲይዙ፣ ውጭ ያደረ ጫማም አራግፈው እንዲያደርጉ አስተምሯቸው።

ደረጃ 9፦ መዝግቡና አሳውቁ

አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ ያገኘውን ገድሎ ዝም ካለ ከጎረቤቱ በቀር የሚጠቀም የለም። የት እንዳለችና ወዴት እየሄደች እንደሆነ የሚታወቀው ከተመዘገበ ነው። አራት ነገር ጻፉ፤ የተገኘችበት ቀን፣ ቦታው (ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ ከተቻለ የስልኩ ካርታ የሚያሳየው ነጥብ)፣ የተገኘችበት ዕቃ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ። አራተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ እሱ ነው፤ መንገዷን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነውና።

ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት ሸረሪት የሚያውቁ ሰዎች አይተው ይለዩላችኋል፤ መዝገቡም ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ለፎቶው ጀርባዋን፣ ሆዷ ሥር ያለውን ምልክትና ከረጢቱን የሚያሳዩ ሦስት ምስሎች በቂ ናቸው፤ አጠገቧ ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኗ እንዲታወቅ። በአካል ለማሳየት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ቅርብ ናቸው፤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ።

ናሙና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የሞተችውን ሸረሪት ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጧት። ከረጢቱን በሌላ ጠርሙስ ለብቻው አድርጉት። አራቱን መረጃ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከውጭ ከመለጠፍ ይልቅ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት፤ የተለጠፈ ወረቀት ይነሣል። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።